ተኝቼ ነበር እንጂ አልጠፋሁም

የምሠራበት ኮሌጅ፣ ታምሜ የተኛሁባቸውን ስምንት ቀናት «ያለፈቃድ ሥራውን ጥሎ ጠፍቷል» ብሎ ጻፈብኝና አባረረኝ። ነገሩ ይኸው ነው። የሐኪም ወረቀት ነበረኝ፤ በገዛ እጄ ወስጄ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬዋለሁ። ጠፋ የተባልኩት ሰውዬ ቂርቆስ ውስጥ፣ ከኮሌጁ በእግር ግማሽ ሰዓት በማያስኬድ ቤት፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኝቼ ነበር።

ደብዳቤውን ማንም አላነበበልኝም። ራሴ ነኝ ያነበብኩት። ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ ስለሆነ ዓይኔ መስመር ላይ አይሮጥም፣ ይራመዳል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መባረሩ ብዙም አልገረመኝም፣ አሰልጣኝ የተቀጠረ ዕለት መባረሩንም አብሮ ይፈርማል። ያቺ «ጠፍቷል» የምትል ቃል ግን አንገበገበችኝ። አሥራ አራት ዓመት ከቦታዬ ያልጠፋሁ ሰው ነኝ። የአባቴን ለቅሶ በሦስተኛው ቀን ትቼ ለውድድር መጥቻለሁ። ይህን የምናገረው እንድመሰገንበት አይደለም፤ ጅልነት ነበር።

ኮሌጁ ካዛንቺስ ነው። ኮሌጅ ሲባል ግቢና ዛፍ እንዳይመስላችሁ። ሕንፃ ነው፤ ከታች ባንክና የሞባይል መሸጫ፣ ከሦስተኛ ፎቅ ጀምሮ ኮሌጅ። ሜዳ የለውም። የስፖርት ክፍሉ ቢሮ ምድር ቤት ከጄኔሬተሩ አጠገብ ነው፤ መብራት የጠፋ ቀን ከተማሪዎቼ ጋር የምንነጋገረው በእጅ ምልክት ነበር። እኔ መጀመሪያ የተቀጠርኩት በዘበኝነት ነው። ከዚያ በፊት ለአንድ ክለብ አሥር ሺህ ሜትር እሮጥ ነበር፤ ጉልበቴ ተበላሸ፣ ክለቡ ሸኘኝ፣ በር ላይ ቆምኩ። አንድ ቀን ሁለት ሴት ተማሪዎች መጡና «ጋሼ፣ ሯጭ ነበሩ አሉ፤ እስቲ ያሠሩን» አሉኝ። አሠራኋቸው። በዓመቱ አንደኛዋ ከኮሌጆች ውድድር ሜዳሊያ ይዛ መጣች። ኮሌጁ ፎቶዋን የቤት ግድግዳ በሚያህል ሸራ አትሞ ባምቢስ መንገድ ዳር ሰቀለው፣ «ምዝገባ ጀምረናል» የሚል ጽሑፍ ከሥሩ አድርጎ። እኔንም ከበር አንስቶ አሰልጣኝ አለኝ።

ያን ጊዜ ፊርማ አልነበረኝም። ጠዋት ጠዋት መግቢያ መዝገቡ ላይ ሌላው ሲፈርም እኔ አውራ ጣቴን ሐምራዊ ቀለም አስነክቼ አትማለሁ። መዝገብ ያዡ መጥፎ ሰው አልነበረም፤ ግን ጣቴን ራሱ ይዞ ነበር የሚያስነካኝ፣ እንደ ሕፃን። መምህራኑ ከኋላዬ ተሰልፈው ያያሉ። ከዚያ መጥረጊያ ብጫቂ ወረቀት ይወረውርልኛል። ቀለሙ ደግሞ አይለቅም። ቀኑን ሙሉ ለሯጮቼ ሰዓት ስይዝ ጣቴ ሐምራዊ ነው። ያዩታል፣ አይናገሩም። ባይናገሩም ያዩታል።

በቃ፣ ለዚያ ነው የማታ ትምህርት የገባሁት። ለእውቀት ብዬ ነው ብል እዋሻለሁ። ከቤት ሠራተኞችና ከጉሊት ቸርቻሪዎች ጋር ጉልበቴን አጥፌ የልጅ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሀሁ አልኩ። ፊርማ የቻልኩ ቀን መዝገብ ያዡ እንደ ልማዱ እጄን ሊይዝ ሲዘረጋ «ተወው» አልኩትና እስክሪብቶውን ከፊቱ አነሳሁ። ፈረምኩ። ቀና ብሎ አየኝና «ውይ፣ አንተ ሰውዬ!» አለ። ከዚያ ስምንተኛን ጨረስኩ፣ ቆይቼ አሥረኛን፣ የአሰልጣኝነት የመጀመሪያ ደረጃ ኮርስም ወሰድኩ። ፊርማዬ አስቀያሚ ነው፤ ዶሮ የጫረው ይመስላል። የኔ ነው ግን።

አሁን ስለ ሥራው ልናገር። ሰው አሰልጣኝነት ፊሽካ መንፋት ይመስለዋል።

ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ እንገኛለን። በዚያ ሰዓት ግማሹ አዲስ አበባ እዚያ ነው፤ ቦርጭ ሊያጠፋ የመጣው፣ ቦክሰኛው፣ ስኳሩ ከፍ ብሎ ሐኪም ሩጥ ያለው ሽማግሌ። እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ሯጮቼን አሠራለሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ኮሌጅ ገብቼ ፈርሜ ስፖርት አስተምራለሁ። ከሰዓት በኋላ ስታዲየም አካባቢ በተከራየነው ሜዳ የመረብ ኳስ ቡድኑን እይዛለሁ። የመረብ ኳስ አሰልጣኝ አይደለሁም፤ የፊተኛው ሲለቅ «ለጊዜው ያዝልን» አሉኝ፣ ለጊዜው የተባለው ሁለት ዓመት ሆነው። ማሊያ አሳጥባለሁ፤ ማለቴ ሚስቴ ናት የምታጥበው። ለውድድር አውቶቡስ እለምናለሁ። ልጅ ወለም ሲለው ሐኪም ቤት እወስዳለሁ። አንዷ ሯጬ ፈተና ስትወድቅ መምህሩ «ያንተ ሩጫ ነው» ይለኛል፤ ሩጫ ስትሸነፍ የኮሌጁ ዲን «ምን ስትሠራ ከረምክ?» ይለኛል፤ ስታሸንፍ ወላጅ መጥቶ «ልጄን ከትምህርቷ አስተጓጎልክ» ይለኛል። ቅዳሜና እሑድ ውድድር፣ ሰኞ ሪፖርት። ሪፖርት ለሌላው አሰልጣኝ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፣ ለኔ የግማሽ ቀን።

ካዛንቺስ ለልማት ሲፈርስ ደግሞ ባሰ። በኮሌጁ ዙሪያ ክፍል ተከራይተው የነበሩት ልጆቼ ወደ ከተማው ዳር ዳር ተበተኑ። የመጀመሪያው ሚኒባስ የደረሰለት ይደርሳል፣ ያልደረሰለት ይዘገያል። እኔም ለደረሱት አንድ ጊዜ፣ ለዘገዩት አንድ ጊዜ፣ አንዱን ልምምድ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ማሠራት ጀመርኩ። ያዘዘኝ የለም። ይህንንም እጽፈዋለሁ፤ ግማሹን ሸክም የጫንኩት ራሴ ነኝ።

በመስከረም ስብሰባ ላይ ዲኑ «ዘንድሮ ዋንጫ ከሌለ የስፖርት ክፍሉን እናጥፈዋለን» አለ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ «ኮች፣ እምነታችን አንተ ላይ ነው» አለኝ። መምህራኑ አጨበጨቡ። ሰው ገደል አፋፍ ላይ አቁመው ሲያጨበጭቡለት ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ ሰውነቴ የማላውቀውን ነገር ያደርግ ጀመር። ከውድድር በፊት ያስመልሰኛል። የገዛ ፊሽካዬ ያስደነግጠኛል፤ እኔው ነፍቼ እኔው እደነብራለሁ። አንድ ቀን ባምቢስ መሻገሪያው ላይ የማሊያ ፌስታል ይዤ ቆሜ ወዴት እየሄድኩ እንደነበር ረሳሁት። ላይ ልበል ታች፣ አላውቅም። መኪናው ሁሉ ጥሩምባ ይነፋል። አንዲት ሎተሪ አዟሪ መጣችና «አባባ፣ ይሻገሩ» ብላ ክንዴን ይዛ አሻገረችኝ። ሃምሳ ዓመት አልሞላኝም። አባባ!

መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ጠዋት ከጎኔ የሚቀመጥ የሌላ ኮሌጅ አሰልጣኝ አለ፤ ወሎዬ ነው፣ ጨዋታ አያልቅበትም። ያን ሰሞን አየኝ አየኝና፣

«አንተ፣ ምነው ፊትህ የረመዳን አሥር ሰዓት መሰለ?» አለኝ።

«ደክሞኛል።»

«ኧረ ዝም በል!» ዞር ዞር ብሎ አካባቢውን ቃኘ። «አሰልጣኝ ደከመኝ ካለ ተማሪው ምን ሊል ነው? እኔ እኮ እጄ ሲንቀጠቀጥ ኪሴ ውስጥ ከትቼ ነው የማሠራው፤ ሁለት ዓመቴ። ምነው ሲሉኝ ብርድ ነው እላለሁ።»

«በግንቦትም?»

«በግንቦትም ብርድ ነው።»

ሳቅን። ሁለታችንም እጃችንን ኪሳችን ውስጥ እንደከተትን ሳቅን። በኛ ሥራ ወባ ያመኛል ማለት ይቻላል፣ ጉልበቴ ማለት ይቻላል፤ ደከመኝ ማለት ነውር ነው።

በኅዳር የጣት አሻራ ማሽን መጣ። በሩ ላይ ተሰቀለ፤ ከእንግዲህ ፊርማ የለም፣ ሁሉም ጣቱን እያስነካ ይግባ ተባለ። ሠራተኛው ተሰልፎ እየተሳሳቀ ጣቱን አስመዘገበ። ተራዬ ደረሰ።

«አውራ ጣትዎን» አለችኝ የሰው ኃይል ኃላፊዋ። ወጣት ናት፣ ሥርዓት ያላት ልጅ።

«አልሰጥም።»

«ኮች፣ ቀለም እኮ የለውም፤ መስታወት ነው የሚነኩት።»

«እፈርማለሁ።»

«ፊርማ ቀርቷል።»

«ለኔ አልቀረም።»

መምህራኑ ሳቁ። አንዱ ከኋላ «ተዪው፣ ጣቱን ለማስጀመሪያው ሽጉጥ ቆጥቦት ነው» አለ። ልቤ ጥለሃቸው ሂድ አለኝ፣ ሄድኩ። ኃላፊዋ ተከትላኝ ምድር ቤት ድረስ ወረደች። ጄኔሬተሩ ይጮኻል፤ ጮክ ብዬ ነው የነገርኳት፣ ስለ ሐምራዊው ቀለም፣ ስለ ብጫቂው ወረቀት፣ ስለ ማታ ትምህርቱ። ከዚያ በፊት ለማንም አልነገርኩም ነበር። ሰማችኝና፣

«እሺ፤ ለጊዜው እኔ ጋ እየመጡ ወረቀት ላይ ይፈርሙ» አለች። «ለዲኑ እኔ አስረዳለሁ።»

ጠዋት ጠዋት ሦስተኛ ፎቅ እየወጣሁ እሷ ፊት ፈረምኩ። ለዲኑ አላስረዳችም፤ ፈርታ ነው፣ አልፈርድባትም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። የኛም ስምምነት እንዲያ ነበር።

አሁን ወደ ሕመሙ ልምጣ። ሯጭ ጠዋት ከአልጋው ሳይወርድ የልብ ምቱን ይቆጥራል። ይህ የኛ ሥራ ደንብ ነው። እያንዳንዳቸው ይነግሩኛል፣ ደብተር ላይ እጽፈዋለሁ። ከለመደው አሥር ከጨመረ ያን ቀን አይሮጥም፤ ሰውነቱ አላረፈም ማለት ነው። በዚህ ምሕረት የለኝም። አንደኛ የምትወጣ ብትሆን እንኳን «ሂጂ ተኚ» ብዬ እመልሳታለሁ። የስንቱን ልብ ስመዘግብ አሥራ አራት ዓመት ስኖር የራሴን አንድ ቀን አልቆጠርኩም። ይህን ስህተት የሚሠራ አሰልጣኝ ብቻ ነው።

ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት ነው። አንድ ሺህ አምስት መቶ የምትሮጥ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ አለችኝ። ዘግይታ መጣች። ሚኒባስ አጥታ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እያወቅኩ ሰደብኳት። «አንቺን ብሎ ሯጭ! ሂጂና ሻይ ሽጪ!» አልኳት፣ በሁሉም ፊት። እናቷ ሻይ ሸጣ ነው ያሳደገቻት፤ ይህንንም አውቃለሁ። ልጅቷ አላለቀሰችም። ደረጃውን ወጥታ ፊቴ ቆመች።

«ኮች፣ እጅዎን ይስጡኝ።»

«ምን?»

«እጅዎን ነው ያልኩት።»

አንጓዬን በሁለት ጣት ያዘችና አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን ሰዓት አየች። ቆጠረች።

«መቶ አሥራ ስምንት» አለች። «ተቀምጠው እኮ ነው ያሉት። እኔ ብሆን ዛሬ ያሮጡኝ ነበር?»

አንጓዬን አልለቀቀችም።

«ሂጂ ተኚ ነበር የሚሉኝ።»

ከኋላ አንዱ ሳቅ አመለጠው። መቆጣት ነበረብኝ፤ ቁጣው የለም። ፈለግኩት፣ የለም። ያስፈራኝ ይሄ ነው። «ይቅርታ» አልኳት፤ ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። ልጆቹን አሰናብቼ ተነሥቼ ወደ ክሊኒክ ሄድኩ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ግፊቴን ለካ፣ ደግሞ ለካ።

«መቼ ነው ያረፉት?»

«እንዴት?»

«ማለቴ፣ እሑድ ምን ይሠራሉ?»

«ውድድር አለ።»

«በዓል ሲሆን?»

«ልምምድ።»

«እሺ፣ መጨረሻ ያረፉት መቼ ነው?»

አሰብኩ። «ጉልበቴ የተበላሸ ጊዜ» አልኩት። ሊስቅ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው። ወረቀቱ ላይ «በሥራ ጫና የመጣ ከፍተኛ ድካም፤ ለስምንት ቀን ሙሉ ዕረፍት» ብሎ ጻፈ። የሐኪም ጽሑፍ ለመደበኛ አንባቢም አይነበብም፤ «ይንገሩኝ ምን ይላል» አልኩት፣ እያንዳንዱን ቃል በጣቱ እየነካ አነበበልኝ። ድካም የሚል ቃል በማኅተም አይቼ አላውቅም ነበር።

ወረቀቱን ይዤ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ዲኑ የሰው ኃይል ኃላፊዋ ቢሮ ውስጥ ነበር። ተቀብሎ አየውና፣

«ስምንት ቀን? ውድድሩ ሦስት ሳምንት ቀርቶት?»

«ሐኪም ነው ያለው።»

«በምንድን ነው የታመምከው?»

«ተጽፏል። ድካም።»

«ድካም!» ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀው። «ኮች፣ ስፖርተኛ ይደክማል እንዴ? መድከም ከተባለ እኛ እንድከም፣ ቀኑን ሙሉ ስብሰባ ላይ የምንውለው።»

«እርስዎም ይረፉ።»

ይቺን አልወደዳትም። ወረቀቱን መልሶ ዘረጋልኝ። «ፈቃድ የሚገባው በሲስተም ነው። አሻራ እንዳልሰጠህ ሰምቻለሁ። ጣትህን አስመዝግብ፣ ፈቃድህን ውሰድ። እኔ ወረቀት አላውቅም።»

ኃላፊዋ አንገቷን ደፋች። ወረቀቱን ከእጁ ተቀብዬ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩና በመዳፌ ደልደል አደረግኩት።

«ይኸው። አይተሻል?» አልኳት።

«አይቻለሁ» አለች፣ በቀስታ።

ወጣሁ።

ጣቴን አስነክቼ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ሰው ሁሉ ነግሮኛል፤ እውነት ነው። ሌላው ሰው ጣቱን ሲያስነካ መስታወት ነው የሚነካው። እኔ ስነካ ያንን ሰልፍ ነው የምነካው። ዛሬም ቢሆን አላደርገውም፤ ይህን የሚያነብ ግትር ይበለኝ።

ስምንቱን ቀን ተኛሁ። ሚስቴ ስታዲየም አካባቢ የአንድ መሥሪያ ቤት ካፌ ኩሽና ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ምግብ ከድና ትሄዳለች፣ ስትመለስ እንደተከደነ ታገኘዋለች። በሦስተኛው ቀን እጇን አፍንጫዬ አጠገብ እንደያዘች ነቃሁ።

«አለሁ» አልኳት።

«ካለህ ብላ» አለችኝ።

በአምስተኛው ቀን በር ላይ ፀሐይ ሞቅኩ። ጎረቤቶቼ በቀን ብርሃን ቤቴ በር ላይ አይተውኝ ስለማያውቁ «ማን ሞተ?» ብለው ጠየቁ። በስምንተኛው ቀን ጠዋት አንጓዬን ያዝኩ፤ ሰባ ሁለት። ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴን ስም ደብተሩ ላይ ጽፌ ከፊቱ ቁጥሩን አስቀመጥኩ።

በዘጠነኛው ቀን ወደ ሥራ ሄድኩ። ዘበኛው ፖስታ ይዞ በር ላይ ቆሟል።

«ኮች፣ ይቅርታ አድርግልኝ፤ እንዳላስገባህ ታዝዣለሁ።»

«ሥራህ ነው» አልኩት። «እኔም አንተ ቦታ በነበርኩ ጊዜ አላስገባም ነበር።»

እዚያው ቆሜ ነው ደብዳቤውን ያነበብኩት። ቀስ ብዬ ሳነብ ብዙ ቆየሁ መሰለኝ፣ የራሱን ወንበር አምጥቶ ሰጠኝ። አልተቀመጥኩም።

በሳምንቱ ያ ወሎዬ አሰልጣኝ ቤቴ መጣ። ወዳጄ መሆኑን ሰምቶ ዲኑ ነው የላከው። በኮምፒውተር የተጻፈ አንድ ገጽ ይዟል፤ ስሜ ከታች አለ፣ የፊርማው ቦታ ባዶ ነው።

«ፈርምና ሰኞ ግባ» አለኝ። «ውድድሩ ደርሷል፣ ልጆቹ ሜዳ ላይ ግራ ገብቷቸዋል። ጨርሼልህ ነው የመጣሁት።»

«አንብብልኝ።»

«አንተ ማንበብ ትችል የለ?»

«ካንተ አፍ ልስማው።»

አነበበ። ያለፈቃድ ከሥራዬ ጠፍቼ ስለነበር ጥፋቴን አምኜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ የኮሌጁንም አሠራር እቀበላለሁ ይላል።

«ጠፍቼ ነበር?» አልኩት።

«ኧረ በአላህ! ቃል እኮ ነው። ምን ታደርገዋለህ ቃሉን?»

«አንተ ቃል ከልጅነትህ ጀምሮ ስላለህ ይቀልልሃል። እኔ ገና አሁን ነው ያገኘሁት፤ ውሸት አልፈርምበትም።»

«ልጆቹስ?»

«ልጆቹን ደክሟቸው ሲመጡ ሂዱ ተኙ ስላቸው ኖሬያለሁ። እኔ ተኝቼ ጠፍቼ ነበር ብዬ ከፈረምኩ፣ ከነገ ወዲያ ለማን ነው ተኚ የምለው? አንተስ እጅህን ከኪስህ መቼ ልታወጣ ነው?»

ውኃ ጠጣ። ወረቀቱን እዚያው ትቶት ሄደ። ሚስቴ ከጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች።

«ኩራት አይበላም» አለችኝ።

«ድካምም አይበላም። እሱን አሥራ አራት ዓመት በላነው።»

ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በሦስተኛው ቀን አንድ ደርዘን ባዶ ወረቀት ይዛ ገባችና «እንግዲያው ተቀመጥና ክሰሳቸው» አለች።

ክሱን ራሴ ጻፍኩት። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ ጻፊዎች ጃንጥላ ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ «ጋሼ፣ እንጻፍልዎ» ይሉኛል፤ አለፍኳቸው። መዝገብ ቤቱ ሁለት ጊዜ መለሰብኝ፣ አንዴ ኅዳጉ ልክ አይደለም ብሎ፣ አንዴ የምጠይቀው ዳኝነት አልተለየም ብሎ። በሦስተኛው ተቀበለኝ። የጠየቅኩት አጭር ነው፤ ያቺ ቃል ትውጣ፣ ሥራዬ ይመለስልኝ።

ውድድሩ ያለኔ ተካሄደ። ዋንጫ አልመጣም። ክፍሉም አልታጠፈም። ያቺ ልጅ አራተኛ ወጣች፤ ደውላ ሰዓቷን ነገረችኝ፣ ከራሷ ምርጥ ሰዓት የተሻለ ነው። በቦታዬ አንድ ወጣት አሰልጣኝ ቀጠሩ፤ ሯጩንም፣ መረብ ኳሱንም፣ አውቶቡስ ልመናውንም አሸከሙት። ከፋሲካ በፊት ስልኩን ዘግቶ ቀረ። እሱ እውነትም ጠፋ።

ቀጠሮው ሦስት ጊዜ ተራዘመ። በመጨረሻው ቀን የኮሌጁ ጠበቃ ከማሽኑ የወጣ ረጅም ወረቀት አቀረበ። «ከሳሹ ስምንት ቀን ብቻ አይደለም የቀሩት» አለ። «ማሽኑ ከኅዳር ጀምሮ አንድም ቀን አላያቸውም።»

ዳኛዋ መነጽሯን አወለቀች። «ታዲያ በነዚያ ወራት ተማሪዎቹን ማን አሠለጠነ?»

ጠበቃው ወረቀቱን አገላበጠ። ከኋላ ወንበር ሳቅ ተሰማ፤ ያ ወሎዬ ነው፣ ሥራውን ትቶ መጥቷል።

ኮሌጁ ምስክር አድርጎ ያመጣው የሰው ኃይል ኃላፊዋን ነው። ዲኑ ከጠበቃው ጎን ተቀምጦ ያያታል። እኔ እውነቱን ለመናገር ተስፋ አላደረግኩባትም፤ ደመወዟ ከነሱ ነው፣ ታናናሾቿን የምታስተምር ልጅ ናት። ዳኛዋ ጠየቀቻት።

«የሕክምና ወረቀቱን ተቀብለዋል?»

ልጅቷ ወደ ዲኑ አላየችም፣ ወደኔም አላየችም።

«ተቀብያለሁ» አለች። «ጠረጴዛዬ ላይ ነው ያስቀመጡት። ዲኑም ነበሩ። በነዚያ ወራትም በየቀኑ ይገቡ ነበር፤ እኔ ነኝ ወረቀት ላይ ያስፈረምኳቸው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ለውሳኔ ተቀጠረ፤ ተፈረደልኝ። ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው፣ ወደ ሥራው ይመለስ ተባለ። ኃላፊዋን ወደ ሌላ ቅርንጫፍ አዛወሯት። ላመሰግናት ሄጄ ነበር፤ ከጠረጴዛዋ አልተነሣችም። «ለእርስዎ ብዬ አይደለም ኮች» አለችኝ። «ወረቀቱን አይቻለሁ። አላየሁም ልበል?» እጄን ዘረጋሁላት፣ ጨበጠችኝ፣ ወጣሁ።

ዲኑ ቢሮው አስጠራኝ። እንደ ድሮው «ኮች፣ እምነታችን» ብሎ ሲጀምር አቋረጥኩት። ሯጮቹን ብቻ ነው የምይዘው፣ ለመረብ ኳሱ ሰው ፈልጉ፤ ልምምድ በቀን አንዴ ነው፤ እሑድ እሑድ ስልኬ ዝግ ነው፤ ስገባ እፈርማለሁ አልኩት። ፊቱ ጠቆረ። ግን ሌላ አሰልጣኝ የለውም፤ «ይታያል» አለ። «አይታይም፤ ይጻፍ» አልኩት። ሁለት ሳምንት አመላለሱኝ፣ እኔም ተመላለስኩ፤ መመላለስ ከአሥር ሺህ ሜትር አይበልጥም። ጻፉት። ያችን «ጠፍቷል» የምትል ደብዳቤ ከፋይሌ አውጥተው፣ ፊቴ ቀድደው፣ በቦታዋ «ሠራተኛው በተጠቀሱት ቀናት በሕመም ፈቃድ ላይ ነበሩ» የሚል ወረቀት ያስገቡት ሐሙስ፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው።